ሊጉን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ በፔናሊቲ ቤት መቅረት፦ የኮሌጅ ሴቶች ኳስ የኮንፈረንስ ቶርናመንት ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ?

ሰባት ቁጥር

ሰላም ቤቶች። ይህን ክር የከፈትኩት ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው። የወንድሜ ልጅ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ትጫወታለች፣ ስሙ ይቆይ፣ የመሃል ተከላካይ ናት። ባለፈው የውድድር ዘመን ቡድናቸው ሊጉን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከኦገስት ጀምሮ ሐሙስና እሑድ፣ ሐሙስና እሑድ ሲጫወቱ ከርመው፣ በአውቶቡስ ሲንገላቱ፣ ፈተና በሆቴል ሎቢ ሲያጠኑ። ከዚያ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይሄ የኮንፈረንስ ቶርናመንት የሚሉት፣ ያው የሊጉ ቡድኖች እንደገና በጥሎ ማለፍ የሚጋጠሙበት ነገር መጣ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ፣ በገዛ ሜዳቸው፣ አራተኛ ከወጣ ቡድን ጋር ዜሮ ለዜሮ ተለያይተው በፔናሊቲ ወደቁ። አለቀ። ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር ሌላ ቡድን ሄደ።

እኔ ያደግኩት ሊግ የበላ ሻምፒዮን ነው ሲባል እየሰማሁ ነው። እዚህ ግን ሊጉ ምንድን ነው ታዲያ? ማሟሟቂያ ነው? ይሄን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ፣ የሚከራከርም ካለ ይምጣ፣ ዝግጁ ነኝ።

ኬሪ ሰፈር

ሰባት ቁጥር አይዞህ ወንድሜ፣ ልጅቷንም አይዞሽ በልልኝ። እኔ ኖርዝ ካሮላይና ነው የምኖረው፣ ኤሲሲ የሚባለው ትልቅ ኮንፈረንስ የቶርናመንቱን ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ የሚያደርግበት ሜዳ ሰፈሬ ስለሆነ በየዓመቱ አልቀርም። የማውቀውን ልበል።

ሀገር አቀፉ የኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) ውድድር 64 ቡድን ነው የሚያስገባው። ግማሽ ያህሉ የየኮንፈረንሱ፣ ማለትም አብረው ሊግ የሚጫወቱት ኮሌጆች ስብስብ፣ አሸናፊ ነው፣ ማንም ሳይመርጠው በቀጥታ ይገባል። የቀረውን ኮሚቴ ቁጭ ብሎ ይመርጣል፣ ከማን ጋር ተጫወትክ፣ ማንን አሸነፍክ፣ አርፒአይ የሚባለው፣ ከውጤትህና ከተጋጣሚዎችህ ጥንካሬ የሚሰላው ደረጃህ ስንት ነው እያለ። እና ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮንፈረንሱ «የእኔ አሸናፊ ማን ነው» የሚለውን ራሱ ነው የሚወስነው። ሊጉን አንደኛ የጨረሰውን መላክ ይችላል። አብዛኞቹ ግን የቶርናመንቱን አሸናፊ ነው የሚልኩት።

ትልቅ ኮንፈረንስ ውስጥ ከሆንክ ብዙም አይጎዳህም። ብትሸነፍም ኮሚቴው ይጠራሃል። ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ከሆንክ ግን ያቺ አንድ ቦታ ብቻ ናት ያለችህ፣ ኮሚቴው ዞር ብሎም አያይህ። የወንድምህን ልጅ የገጠማት እሱ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ናቸው ማለት ይቻላል፣ ለኤሲሲዎቹ ዋንጫ ያለው ልምምድ ነው፣ ለእነሱ የሞት ሽረት ነው።

ቡናማው

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር አሜሪካኖች ጥሎ ማለፍ ካልሆነ ኳስ ጨዋታ አይመስላቸውም 😂 እኛ ሀገር ሊጉን የበላ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ይሄዳል፣ የኢትዮጵያ ዋንጫን የበላ ኮንፌደሬሽን ካፕ ይሄዳል፣ ሁሉም በየፊናው። እዚህ ሁለቱን ቀላቅለው የሊጉን ባለድል «እንኳን ደስ አለህ፣ አሁን እንደገና አሸንፍ» ይሉታል።

ደግሞ ያ ሰዓታቸው! ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ከ45 ይነሳና ዜሮ ሲሞላ ጡሩምባ ይነፋል። የመጨረሻዎቹን አሥር ሰከንዶች ተናጋሪው በማይክራፎን ይቆጥራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የጠፈር መንኮራኩር ሊተኩሱ መስሎኝ ነበር።

ኬሪ ሰፈር

@ቡናማው አትሳቅ፣ ያ ሰዓት ሰው አስለቅሷል። 2022 የሀገር አቀፉ ፍጻሜ እዚሁ ኬሪ ከተማ ነበር። ኖርዝ ካሮላይናዎች ሁለት ለዜሮ እየመሩ፣ ዩሲኤልኤዎች አንድ አገቡ፣ ከዚያ 16 ሰከንድ ሲቀር በማዕዘን ምት አቻ ሆኑ። ሰሌዳው ላይ 16 የሚል ቁጥር እያየህ ነው ጎሉ የሚገባው። ጭማሪ ሰዓት ሄደው ዩሲኤልኤዎች ሦስት ለሁለት ወሰዱት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰማያዊ ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጥለውት ሄዱ።

ሰባት ቁጥር፣ አሠራሩን ስለጠየቅህ የኤሲሲውን ልጨርስልህ። ከ2024 ጀምሮ ስታንፎርድ፣ ካልና ኤስኤምዩ ከተቀላቀሉ ወዲህ የሴቶች ቡድን ያላቸው 17 ናቸው። ቶርናመንቱ የሚያስገባው ስድስት ብቻ። አንደኛና ሁለተኛ ቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ይገባሉ፣ ሦስተኛ ከስድስተኛ፣ አራተኛ ከአምስተኛ በተሻለው ቡድን ሜዳ ይጫወታሉ። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜው ኬሪ ነው፣ አሥር ሺህ ሰው የሚይዘው ሜዳ ላይ። ማለትም እዚያ መድረስ ራሱ የሊግ ውጤት ነው። አሥራ አንዱ ቡድን ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ ነው የሚያየው።

ሳንሆዜ ልጅ

ጥሩ ክር ነው። እኔ ደግሞ ከካሊፎርኒያ በኩል ላውራ፣ እኛ ጋ ታሪኩ ሌላ ነበርና።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይዋን ናኦሚ ግርማን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሳንሆዜ የተወለደች፣ አባቷና ጓደኞቹ ለማኅበረሰቡ ልጆች ባቋቋሙት ማለዳ በሚባለው ቡድን ኳስ የጀመረች፣ የእኛው ልጅ። ስታንፎርድ ስትጫወት የኮንፈረንስ ቶርናመንት የሚባል ነገር አንድም ቀን አልተጫወተችም። ለምን? ያኔ የነበሩበት ፓክ-12 የሚባለው የምዕራብ ኮንፈረንስ በሴቶች ኳስ ቶርናመንት አልነበረውም። ሊጉን አንደኛ የጨረሰ ሻምፒዮን ነው፣ ሄደ። ሰባት ቁጥር የሚመኘው ነገር ማለት ነው።

እና ምን ጎደላቸው? 2019 ሀገር አቀፉን በሉ፣ ያውም ፍጻሜው እዚሁ ሳንሆዜ፣ ናኦሚ ባደገችበት ከተማ። ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ዜሮ ለዜሮ፣ ከዚያ አምስት ለአራት በፔናሊቲ። በረኛዋ ኬቲ ሜየር ሁለት አዳነች። ነፍሷን ይማር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። 2016 ዩኤስሲ፣ 2017 ስታንፎርድ፣ 2019 ስታንፎርድ፣ በ2020 የውድድር ዘመን ሳንታ ክላራ፣ 2022 ዩሲኤልኤ። እነዚህ ሁሉ የሀገር አቀፍ ሻምፒዮኖች የመጡት ቶርናመንት ከሌለው ኮንፈረንስ ነው። ሳንታ ክላራ የዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ናት፣ እነሱም አልነበራቸውም። ከ2016 እስከ 2022 ከነበሩት ሰባት ዋንጫዎች አምስቱ! የቀሩትን ሁለት ፍሎሪዳ ስቴት ወሰደች። ቶርናመንት ቡድንን ያጠነክራል የሚል ሰው ካለ ይሄን ይመልስልኝ።

ሰባት ቁጥር

ሳንሆዜ ልጅ!! ይኸው! እኔ የምለውን በቁጥር አመጣህልኝ። አምስት ከሰባት!

ጣላሃሲ

ቆይ ቆይ፣ ሳትጨፍሩ። ፍሎሪዳ ስቴትን «የቀሩትን ሁለት» ብሎ ማለፍ የለም። የ2014፣ የ2018፣ የ2021 እና የ2023ን ሀገር አቀፍ ዋንጫ ሲወስዱ በእነዚያው ዓመታት የኤሲሲንም ቶርናመንት ወስደዋል። አራቱንም ጊዜ። 2023 ላይ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ስታንፎርድን አምስት ለአንድ ቀጥተው ነው የጨረሱት፣ ያ ቡድን ላይ ናይጄሪያዊቷ ኦኒ ኤቼጊኒ ነበረች፣ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የተባለችው። እነሱን ቶርናመንቱ አደከማቸው ልትሉኝ ነው?

የምዕራቦቹ ማሸነፍ ቶርናመንት ስለሌላቸው አይደለም፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ስለሚውሉ ነው። ምክንያቱን አታምታቱት።

ሳንሆዜ ልጅ

@ጣላሃሲ እሺ እሱን ልቀበልህ፣ የፀሐዩን ነገር ማለቴ ነው። ግን 2024ን ደግሞ አንተ መልስልኝ። የኤሲሲን ዋንጫ ፍሎሪዳ ስቴት ወሰደች። ጥሩ። ሀገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የደረሱት አራት ቡድኖች እነማን ነበሩ? ኖርዝ ካሮላይና፣ ዱክ፣ ዌክ ፎረስትና ስታንፎርድ። አራቱም ኤሲሲ! የኤሲሲን ዋንጫ የበላው ቡድን ግን የለም። ኖርዝ ካሮላይና ዌክን አንድ ለዜሮ አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ታዲያ ያ የኖቬምበር ቶርናመንት ማን ጠንካራ እንደሆነ ምን ነገረን?

ጣላሃሲ

በዚያ ዓመት ማን ጥሩ ሳምንት እንደነበረው ነገረን 🙂 ጥሎ ማለፍ እኮ ከዚያ በላይ ቃል ገብቶ አያውቅም። ሀገር አቀፉም ያው ነው፣ ስድስት ጨዋታ ያሸነፈ ይበላል። ለምን አንዱን ጥሎ ማለፍ ፍትሕ ሌላውን ወንጀል ታደርገዋለህ?

ጅማት ጠጋኝ

ጤና ይስጥልኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ኮሌጅ ከሚጫወቱ ሴቶች ልጆች ጋር ነው ውሎዬ፣ እና ስለ ፍትሕ ስትከራከሩ ስለ ጉልበት ማንም ሲያወራ ስላላየሁ ገባሁ።

በኤሲሲ አሠራር ሦስተኛ የወጣ ቡድን ፍጻሜ ቢደርስ እሑድ፣ ሐሙስ፣ እሑድ ይጫወታል ማለት ነው፣ ከዚያ በዚያው ሳምንት መጨረሻ የሀገር አቀፉ የመጀመሪያ ዙር አለ። ይሄ ደግሞ ከኦገስት ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ ሲጫወት በከረመ ሰውነት ላይ ነው። የፊት የጉልበት ጅማት መበጠስ ሴቶች ተጫዋቾችን ከወንዶቹ አብልጦ እንደሚያጠቃ የታወቀ ነው። ናኦሚ ራሷ ስታንፎርድ እያለች ተበጥሶባት አንድ የውድድር ዘመን አጥታለች። የደከመ ጡንቻ ጉልበትን በደንብ አይጠብቅም። ጨዋታው ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ከዝላይ እንዴት እንደሚያርፉ እዩአቸው፣ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይገባል።

ኮሌጆቹ ቅያሪውን ልቅ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በመጀመሪያው ግማሽ የወጣች ልጅ በዚያው ግማሽ አትመለስም፣ በሁለተኛው ግማሽ ግን ወጥታ አንድ ጊዜ መመለስ ትችላለች። አንሰን ዶራንስ እስከ 2024 ድረስ ኖርዝ ካሮላይናን ለ45 ዓመት ሲያሠለጥን በልቅ ቅያሪ ይጠቀም ነበር፣ ተቀያሪ መስመር ሙሉ በሙሉ ያስገባና ሌላውን ቡድን በሩጫ ያቃጥለው ነበር። ሃያ ጥሩ ልጆች ላለው አሰልጣኝ ገነት ነው። አሥራ ሦስት ጥሩ ልጆች ላለው ትንሽ ኮሌጅ ግን ያው ቅያሪ የለም። የሰባት ቁጥር ልጅ በዚያ ሳምንት ስንት ደቂቃ ተጫወተች?

ሰባት ቁጥር

@ጅማት ጠጋኝ ሙሉውን። አንድም ደቂቃ አልወጣችም፣ ጭማሪውን ጨምሮ። አሰልጣኟ የሚቀይርላት ሰው አልነበረውም። ፔናሊቲም መታች፣ አገባች፣ ለዚያ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ።

ደግሞ የዚህን ጉድ ስሙ። በመዝገብ ያ ጨዋታ አቻ ነው የሚባለው! በፔናሊቲ የተለያየ ጨዋታ በኤንሲኤኤ ስሌት እንደ አቻ ነው የሚያዘው። እና ልጅቷ «አልተሸነፍንም» እያለች ነው ክረምቱን ያሳለፈችው። አልተሸነፉም፣ ግን ወጡ። ይሄን ለእናቴ በስልክ ላስረዳ ሞክሬ «ታዲያ ለምን አለቀሰች?» ብላኝ መልስ አጣሁ።

አቡሽ_ኤክስ

ሰው እንዴት ለሴቶች የኮሌጅ ኳስ ይሄን ያህል ይጽፋል? ማን ያየዋል?

ቡናማው

@አቡሽ_ኤክስ አንተ አሁን አየኸው እኮ፣ አንብበህ መጨረሻ ደርሰህ ነው የጻፍከው 😂

የሜሪላንዷ

@አቡሽ_ኤክስ ማን ያየዋል ላልከው፣ ቼልሲ አይቶታል። ጃንዋሪ 2025 ላይ ለናኦሚ ግርማ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል፣ በሴቶች ኳስ ታሪክ ያን ዋጋ ያለፈች የመጀመሪያዋ ናት። ከኦሎምፒክ ወርቅ በኋላ ማለት ነው። የወጣችው ደግሞ አንተ ማን ያየዋል ከምትለው የኮሌጅ ሜዳ ነው። ሎዛ አበራም በ2024 እዚሁ ዲሲ መጥታ ዲሲ ፓወር ለሚባለው የሴቶች ክለብ ፈርማለች፣ ሄደህ አይተሃት ታውቃለህ? በል እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

እኔ የማወራው እንደ እናት ነው፣ ልጄ ሃይስኩል ሁለተኛ ዓመት ናት፣ አሰልጣኞች መደወል ጀምረዋል። እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ስለ ዋንጫ ነው። የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ልጅ ኮሌጅ ስትመርጥ ይሄ የቶርናመንት ነገር ውስጥ ይገባል ወይ? ትልቅ ኮንፈረንስ ገብታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከምትቀመጥ፣ ትንሹ ጋ ሄዳ ብትጫወት አይሻልም ወይ? ግን እዚያ ደግሞ እንደ ሰባት ቁጥር ልጅ አንደኛ ሆኖ መቅረት አለ።

ኬሪ ሰፈር

የሜሪላንዷ እኅቴ፣ ጥያቄሽ ከሁላችንም ክርክር ይበልጣል።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ፣ ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ በሴቶች ኳስ አንድ የዲቪዚዮን 1 (የላይኛው እርከን) ኮሌጅ መስጠት የሚችለው 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፣ እሱንም ለሃያ ምናምን ልጆች እየቆራረሰ። «ስኮላርሺፕ አገኘች» ሲባል ግማሽ፣ ሩብ፣ አንዳንዴ የመጽሐፍ ወጪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ2025 ወዲህ በኤንሲኤኤና በከሰሱት የኮሌጅ ስፖርተኞች መካከል የተደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት ከጸደቀ በኋላ፣ ስምምነቱን ለተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነስቶ በምትኩ የተጫዋች ቁጥር 28 ላይ ተገድቧል። ማለትም ሀብታም ኮሌጅ ከፈለገ ለሃያ ስምንቱም ሙሉ መክፈል ይችላል። ሀብታም ያልሆነው ግን ያው ነው። ስለዚህ አሰልጣኙን «ስንት ፐርሰንት? ለስንት ዓመት? ከተጎዳችስ?» ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ፣ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ስታንፎርድና ካል ኤሲሲ ከገቡ ወዲህ ልጆቹ ለሊግ ጨዋታ ከካሊፎርኒያ እስከ ማሳቹሴትስና ፍሎሪዳ ይበራሉ። ሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል። ቶርናመንት ሲጨመርበት ኖቬምበርን ክፍል ውስጥ አያዩትም ማለት ይቻላል። ትንሹ ኮንፈረንስ በአብዛኛው አውቶቡስ ነው፣ ማታ ቤቷ ትተኛለች።

አትላንታ ፒችትሪ

ስለ አሠራር ካነሳችሁ ኤስኢሲ የሚባለውን የደቡቡን ትልቅ ኮንፈረንስ ልንገራችሁ፣ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁና። እነሱ ቶርናመንቱን እንደ ሽርሽር ነው የሚያደርጉት። ቶርናመንቱ ውስጥ የገባው ቡድን ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ባሕር ዳርቻ። ብዙ ዓመት አላባማ ውስጥ ኦሬንጅ ቢች ነበር፣ ከ2022 ጀምሮ ፔንሳኮላ ፍሎሪዳ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል። የአንዱ ቡድን ወላጆች የሌላውን ጨዋታ ያያሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ይተዋወቃሉ። እውነቱን ለመናገር የሐምሌውን የእኛን የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ነው ያስታወሰኝ፣ ቡና የሚያፈላ ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

እና እዚያ ቴክሳስ በ2024 ወደ ኤስኢሲ በገባችበት በመጀመሪያው ዓመቷ ቶርናመንቱን በላች። ያን ቀን የልጆቹን ፊት ብታዩ «ልምምድ ነው» አትሉም ነበር። ሀገር አቀፉን የሚበላው አንድ ቡድን ነው። የቀሩት ስልሳ ሦስቱ ዓመታቸውን የሚጨርሱት በሽንፈት ነው። የኮንፈረንስ ዋንጫ ለብዙ ልጆች በሕይወታቸው የሚያነሱት ትልቁ ዋንጫ ነው። ሳንሆዜ ልጅ፣ ቶርናመንት ማን ጠንካራ እንደሆነ ምን ነገረን ላልከው፣ ምንም ላይነግረን ይችላል፣ ግን ልጆቹ ይፈልጉታል።

ሳንሆዜ ልጅ

@አትላንታ ፒችትሪ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ዋንጫውን ይውሰዱ፣ ማን ከለከለ? የኔ ጥያቄ የሀገር አቀፉ ቲኬት ለምን ከዋንጫው ጋር ይታሰራል ነው። ዋንጫው ለቶርናመንቱ፣ ቲኬቱ ለሊጉ። ቡናማው እንዳለው፣ ሁሉም በየፊናው።

ጣላሃሲ

ታዲያ ማን ሊጫወት ይመጣል? ቲኬት የሌለው ቶርናመንት ላይ አሰልጣኙ አሥራ አንድ ተቀያሪ አሰልፎ ዋና ልጆቹን ያሳርፋል። አይቪ ሊጎችን፣ እነ ሃርቫርድና ዬልን አስቡ። እነዚያ ወግ አጥባቂዎች፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት «ሊጉ ይበቃል» ሲሉ የኖሩ፣ 2023 ላይ እነሱም በአራት ቡድን ቶርናመንት ጀመሩ። የሀገር አቀፉን ቲኬትም ለእሱ ሰጡት። ለምን ይመስላችኋል? ሊጉ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ካለቀለት፣ አምስተኛና ስድስተኛ ያሉት ልጆች ለምን ይሮጣሉ? አራተኛ ብትወጣም ተስፋ አለ ሲባል ግን ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። የሰባት ቁጥርን ልጅ የጣላት አራተኛው ቡድን እኮ ያን ቀን የሕይወቱን ጨዋታ ነው የተጫወተው። የእነሱም አጎት የሆነ ቦታ ክር ከፍቶ እየጨፈረ ይሆናል።

ሰባት ቁጥር

@ጣላሃሲ የእነሱ አጎት ይጨፍር፣ ደስ ይበለው 😅 ግን አንድ መሃከለኛ ነገር ላቅርብ። አንደኛ የጨረሰው ቡድን ቀጥታ ፍጻሜ ይግባ። የቀሩት እርስ በርስ ተጫውተው አንድ ይምጣ። አንደኛው በሜዳው፣ አርፎ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ። ያን ከተሸነፈ አፌን እዘጋለሁ። ቅርጫት ኳስ ላይ ዌስት ኮስቶች አንደኛና ሁለተኛውን ቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ሲያስገቡ አልነበር እንዴ? እነ ጎንዛጋን፣ ጠንካራ ቡድናቸውን፣ ለመጠበቅ ብለው። ቲኬቱ ከፍ ላለ ቡድን እንዲሄድ ነው ሐሳቡ፣ ምክንያቱም ኮንፈረንሱ ራሱ ደካማ ቡድን ልኮ መጀመሪያ ዙር ላይ ስድስት ለዜሮ ቢሸነፍበት ይዋረዳል።

ጅማት ጠጋኝ

ሰባት ቁጥር ባለው እስማማለሁ፣ በኔ በኩል ምክንያቱ ዕረፍቱ ነው። ለአንደኛው ቡድን አንድ ሳምንት እፎይታ ትልቅ ሽልማት ነው። ፓክ-12ና ዌስት ኮስት ቶርናመንት ስላልነበራቸው ልጆቹ ሀገር አቀፉ ላይ የሚደርሱት ትኩስ እግር ይዘው ነበር፣ ለእነዚያ አምስት ዋንጫዎች እሱም የራሱ ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ጣላሃሲ ፀሐይ ነው ይላል፣ እኔ እንቅልፍ ነው እላለሁ።

ቡናማው

እንቅልፍ 😂😂 ለእኛም ቡድን አሰልጣኝ ንገሪልን እባክሽ።

የሜሪላንዷ

ሰባት ቁጥር፣ ልጅቷ ራሷ ምን ትላለች ግን? ሁላችንም ስለ እሷ እያወራን ነው።

ሰባት ቁጥር

ይኸው ክሩን ልኬላት አነበበችው። አማርኛ ማንበብ ትችላለች፣ ቀስ ብላ። መልሷን እንዳለ ልጻፈው፦ «አጎቴ፣ ቶርናመንቱን እንዳታስቀሩብኝ። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ እኛም አራተኛ ሆነን ገብተን አንደኛውን አሸንፈናል፣ ያኔ ለምን አልተናደድክም?»

ረስቼው ነበር በእግዚአብሔር። ያን ቀን እኔም ጨፍሬያለሁ።

ግን ቀጥታ ፍጻሜ የሚለውን ሐሳቤን አልተውም፣ እሱንም ነግሬያታለሁ።

ጣላሃሲ

ልጅቷን አሰልጣኝ አድርጓት 👏👏

የሜሪላንዷ

በሏ ለልጄ ስልኳን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ፈቃዷ ከሆነ። ስለ ትንሽ ኮሌጅ ኑሮ ከእሷ ብትሰማ ይሻላል ከእኛ ከሽማግሌዎቹ።

ኬሪ ሰፈር፣ ኖቬምበር ላይ ልጄን ይዤ ልመጣ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አራት ሰዓት ተኩል ነው አሉኝ። ትኬት አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል ወይስ በር ላይ ይገኛል?

ኬሪ ሰፈር

ለግማሽ ፍጻሜው በር ላይ ይበቃሻል። ፍጻሜው ላይ ኖርዝ ካሮላይና ከደረሰ ግን ቀድመሽ ግዢ፣ ኮሌጁ ያለበት ቻፕል ሂል ቅርብ ስለሆነ ሰማያዊ ለባሹ ደጋፊያቸው ይጎርፋል። I-95 ሪችመንድ አካባቢ ዓርብ ማታ ይዘጋጋል፣ ሐሙስ ጠዋት ውጪ። ጃኬት ያዢ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ይበርዳል። ከተቀያሪ ወንበሮቹ በስተኋላ ባለው በኩል ተቀመጡ፣ አሰልጣኞቹ ምን እያሉ እንደሚጮኹ ልጅሽ ትስማ፣ ከየትኛው ጋር መኖር እንደምትችል ያኔ ታውቃለች።

ቡናማው

እኔም እመጣለሁ። ግን ያ ቆጣሪ ዜሮ ሲደርስ ጡሩምባው ጆሮዬ ላይ እንዳይነፋ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ወንበር ያዙልኝ።